አንድ ሚሊሜትር ተኩል

ላይፕዚግ፣ ከቦዩ ዳር፣ ከብስክሌት ጠጋኙ በላይ፣
አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለው፤ መስኮቱ ሰሜን የሚያይ።
አንትየ ኮልበ ትባላለች፤ ስልሳ ሦስት ዓመት ሞላት፣
ሠላሳ ስምንቱ የሰው መጽሐፍ ስታለብስ ያለፏት።
እኔ ረዳቷ ነኝ። ፊደል እመርጣለሁ፣ ቀለም አስማማለሁ፣
ስልክ ሲጮህ «የለችም» እላለሁ።

ለሙያችን ስም ቢወጣ «ጥራዝ ነጠቅ» ይበቃን ነበር፤
ሃምሳ ገጽ አንብቦ ስዕል መጀመር፣
ሰው ሃያ ዓመት ያማጠውን በሁለት ሳምንት መቋጨት፣
ሂሳብ ተቀብሎ ወደሚቀጥለው መሮጥ።
እሷ ግን ታነባለች። እስከ መጨረሻው፣ እስከ ምስጋናው ድረስ፤
እርሳሷን ነክሳ፣ ገጹን በክርኗ ተጭና፣ ሳትተነፍስ።

በኅዳር አንድ ረቂቅ መጣ። ጸሐፊው የሮስቶክ ሰው፣
ጡረታ የወጣ ክሬን ነጂ፤ ከዚህ በፊት የጻፈው
የጭነት መዝገብ ብቻ ነው፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ኪሎ።
ይኼኛው ስለ ታናሹ ነው፤ ውሃ በልቶት፣ ከሥር ሁለት ቀን ውሎ፣
በሦስተኛው የወጣ፣ በገዛ ወንድሙ ክሬን ተንጠልጥሎ።

ከዚያ ስብሰባ። የሽያጩ ኃላፊ ከሙኒክ በስክሪን ብቅ አለ፤
«ባሕር ይኑረው» አለ። «ጀርባዋን የሰጠች ሴት ዳሩ ላይ ትቁም» አለ።
«ሴት የለችበትም» አለች አንትየ። «ብትኖር ምን ትጎዳለች?» አለ።
«ደግሞም ስልክ ላይ ሲታይ የጥፍር ያህል ነው መጠኑ፤
ጥፍር ላይ የማይነበብ አይሸጥም በዘመኑ።»

አሥራ አንድ ሽፋን ሠራን። አንዱ ጭጋግ ነበር፣ አንዱ ዝገት፤
አንዱ ሰማያዊ ብቻ፣ አንዱ የእጅ ጓንት።
አንዱን እኔ ሠራሁት፦ ፊት፣ ከውሃ በታች፣ ዓይኑን የገለጠ፤
ምንም አላለችም። ገለበጠችው።
የጀርባው ነጭ በለጠ።

ሰም ሲበዛ ወርቁ ይጠፋል፤ ይህን ማስረዳት አቃተኝ፣
በጀርመንኛ ሰም ሰም ነው፣ ወርቅም የጣት ቀለበት፤ ሳቀችብኝ።
ቆይታ ግን «ገባኝ» አለች። «ያልተሳለው ይክበድ።»
ተነሥታ አሥራ አንዱን ከግድግዳው ጀመረች መንቀል፣ መቅደድ።

ጠዋት የቀረው ይህ ነው፦ ግራጫ ወረቀት፣ ልክ እንደ ዝናብ ኮት፣
ርእሱ በትንሹ፣ በጥቁር፣ ዝቅ ብሎ የተጻፈበት።
ሽቦው ግን በጎኑ ነው፤ ጥራዙ መደርደሪያ ላይ ሲቆም በሚታየው፣
አንድ ቀጭን መስመር ነው ከላይ ቀጥ ብሎ የሚወርደው።
መንጠቆ የለውም። ጭነት የለውም። ከታች ይቆረጣል፤
ቀሪውን ያነበበ ያውቃል።

ሁለት መቶ ሰማንያ ስምንት ገጽ፣ ወረቀቱ ዘጠና ግራም፤
«ጎኑ አሥራ ዘጠኝ ሚሊሜትር» ብላ ጻፈች፤ ደግማ ለካች፣ አልተኛችም።

ማተሚያ ቤቱ ወረቀት አልቆበት፣ ሳይነግረን ቀጭን ተካ።
አንድ ሚሊሜትር ተኩል! ምን አላት ስትለካ?
ሦስት ሺህ ቅጂ፤ ሽቦው ሁሉ መሐሉን ለቆ ሸሽቶ፣
ከታች በኩል ዘመም ብሏል፣ ወደ ጠርዙ ተጠግቶ።
አንትየ ሳጥኑን ከፈተች። ዘጋች። ደግማ ከፈተች።
«ይፈጭ» አለች። «በገንዘቤ ይታተም» አለች።
ማን ሰምቷት! መጋቢት ነው፣ የመጽሐፍ ትርኢቱ ደርሷል፣
አሳታሚው ወንበሩን ሳይቀር ተከራይቷል።

ሽማግሌው፣ ሃርትቪግ፣ በባቡር መጣ፤ ኮቱ እስከ አንገቱ የተቆለፈ።
መጽሐፉን ሰጡት። አልገለጠውም። ፊቱንም አላየ፤
ጎኑን ወደ ብርሃን አዙሮ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣
አገጩን ቀና አደረገ፣ እንደ ድሮው ሽቦ ተመልካች ሆኖ።
አንትየ አጠገቡ ቆማ ይቅርታዋን እያሰናዳች ነው።
እሱ ወፍራም ጣቱን ከመስመሩ ጫፍ አንሥቶ አወረደው፣
ዘመም ያለበት ሲደርስ እዚያው ላይ አቆመው።

«አዎ» አለ። «ያን ቀን ነፋስ ነበር።»

ሁለተኛው ኅትመት በነሐሴ ሆነ። ወረቀቱ ተገኝቷል፣
ልኩም ተስተካክሏል፤
ሽቦውን መሐል ላይ፣ ቀጥ አድርጌ አሳየኋት።
መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቀለች። ማስመሪያውን ከእጄ ወሰደች።
«ይዝመም» አለች።
«ስንት?» አልኳት።
እያወቅሁ ጠየቅኋት።